በዳገት ብቻ የተሞከረ ፍሬን

ክቡራትና ክቡራን፣

አትሳቁ። እንዲህ ብዬ ለመጀመር ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ነው የከረምኩት። ወርክሾፓችን ጠባብ ነው፣ እኛም ጥቂት ነን፤ ግን ዛሬ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳችሁ ስለመጣችሁ ክብሩ ይገባችኋል። ጢያራ የምንለው ሞካሪያችን ሸሚዝ እንዳለው እንኳ ዛሬ ገና ማወቄ ነው።

ወንበሮቹን ከየጎረቤቱ ለምናችሁ ያመጣችሁትን፣ ከየወንበሩ እግር ሥር ካርቶን አጣጥፋችሁ ያስገባችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። እንግዶቻችን ደግሞ «ይሄ ካርቶን ምንድን ነው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። እነግራችኋለሁ። እንዲያውም የዛሬው የስንብት ንግግሬ ስለ ካርቶኑ ነው።

ያ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ወንበር ሰው አለው። እንዳትቀመጡበት።

ንግግር ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ እጄ የጻፈው የመጀመሪያ ቃል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «በቅርቡ»። ቀደድኩት። ሌላ ወረቀት አወጣሁ። አሁንም «በቅርቡ»። እጅ የራሱ ሕመም አለው። ስለዚህ ወረቀት ሳልይዝ ቆሜያለሁ፤ ብደናቀፍ ታገሡኝ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። እኔ እዚህ ቤት ብሎን አላጠበቅኩም፣ ሽቦ አልበየድኩም። የኔ ሥራ መልስ መስጠት ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስኬትቦርድ እንሠራለን ብለን በኢንተርኔት የሕዝብ መዋጮ ስንሰበስብ፣ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ብሎ ለጠየቀ ሁሉ የሚጽፈው ሰው እኔ ነበርኩ።

ስኬትቦርዱን እኛ «ሳንቃው» ነው የምንለው። ሳንቃ፣ አራት ጎማ፣ ከሥሩ ባትሪና ሞተር፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መቆጣጠሪያ። የቆመበት ሰው አውራ ጣቱን ወደ ፊት ሲገፋ ይሄዳል። ወደ ኋላ ሲስብ ይቆማል።

ይቆማል። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

መዋጮውስ እንዴት ነው የሚሠራው? ቪዲዮ ይቀረጻል። በቪዲዮው ላይ ጢያራ ፀጉሩን ንፋስ እያመሰው፣ ያውም ያኔ ፀጉር ነበረው፣ ጥርሱን ገልጦ ዳገት ይወጣል። ሰው ያያል፣ ይወዳል፣ ይከፍላል። የሚከፍለው ለምንድን ነው? ለሳንቃው? ሳንቃው ገና የለም። ለፋብሪካው? ፋብሪካውም የለም። ከሱቅ እንደገዛ ሰው መጥቶ ገንዘቤን አይልም። እንደ ባለአክሲዮን ስብሰባ ገብቶ አይጮህም። ስሙ «ደጋፊ» ነው። ደጋፊ ማለት ከፍሎ የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው።

ላም አለኝ በሰማይ ይባላል። እኛ የላሟ ቪዲዮ ነበረን።

ታዲያ ውሸታሞች ነበርን? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ጥርሴን ስቦርሽ። አልነበርንም። የሚያስፈራኝም ይሄው ነው። ሌባን ጠንቃቃ ሰው ይጠረጥረዋል። ራሱን ያሳመነ ሰው ግን በምን ይታወቃል? ዓይኑ አይሸሽም። ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ጠዋት ጠዋት እኔም አምን ነበር። ከምሳ በኋላ ትንሽ ይቀንስብኛል። እንደ ባትሪው።

«በቅርቡ» የአለቃችን የጋሼ ቃል አልነበረም፤ የማንም አልነበረም። ዝም ብሎ መጣ። ቅርጽ ማውጫው ሲሰነጠቅ «በቅርቡ»። ጎማው ሲቀልጥ «በቅርቡ»። ቤት ሄጄ ባለቤቴ «ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ መቼ ነው የምትሠራው?» ስትለኝ ምን እንዳልኳት ገምቱ። እሷም «ደጋፊህ አይደለሁም፣ ሚስትህ ነኝ» አለችኝ።

ከደጋፊዎቹ አንዱን «ባለሰማያዊው» እንላቸው ነበር። መምህር ናቸው። ሳንቃውን ለሴት ልጃቸው ሲመርጡ ሰማያዊውን መረጡ፤ ከሁሉም ቀድመው ከፈሉ። ተሳድበው አያውቁም። ተሳዳቢ ቀላል ነው፤ ትሰማዋለህ፣ ታልፈዋለህ። እሳቸው ግን «ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ሳንቃውስ? ልጄ ትጠይቀኛለች» ብለው ይጽፋሉ። ቆይተው «ልጄ ቁመቷ ሊደርስብኝ ነው፤ ያጥርባት ይሆን?» ብለው ይጽፋሉ። ዕቃ ሲዘገይ የሚጠብቀው ሰው አብሮ አይዘገይም። ልጅ ያድጋል።

በመጨረሻም እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ዩኒቨርሲቲ ገባች። ማደሪያዋ ኮረብታ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እስከ ዋናው መንገድ ቁልቁል መውረድ ብቻ ነው። ሳንቃው ሲመጣላት ትገላገላለች።»

ይህን ሳነብ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ቁልቁለት ከሆነ ባትሪ አይጨርስባትም ብዬ ደስ አለኝ። «በቅርቡ» ብዬ መለስኩ።

አሁን ወደ ካርቶኑ።

ይህ ቤት እኛ ከመግባታችን በፊት መኪና ማጠቢያ ነበር። ወለሉ ሲሠራ ውሃው ወደ በሩ፣ ከበሩም ወደ መንገዱ ቦይ እንዲወርድ ሆን ተብሎ ዘመም ተደርጓል። መጀመሪያ ስንገባ ጠረጴዛ ላይ እርሳስ አይቀመጥልንም ነበር። ከዚያ ካርቶን እያጣጠፍን ከጠረጴዛው እግር ሥር መሸጎጥ ጀመርን። ቀስ በቀስ ወግ ሆነ። አዲስ ሰው ሲቀጠር ውሉን ከመፈረሙ በፊት «ሽብልቅ» የምንለው የራሱ ካርቶን ይሰጠዋል። ተንበርክኮ ከጠረጴዛው ሥር ያስገባል። እናጨበጭባለን። የኔ ከጫማ ካርቶን የተሠራ ነው፤ የጫማው ቁጥር እስካሁን ይነበባል።

ከሽብልቁ በኋላ ወለሉን ትረሳዋለህ። ጠረጴዛህ ቀጥ ካለ ዓለም ሁሉ ቀጥ ያለ ይመስልሃል። ጠረጴዛውን፣ መደርደሪያውን፣ ወንበሩን፣ የሻይ ማፍያዋን ሳይቀር አስተካክለን ነበር።

ሳንቃውን የምንሞክርበትን ብቻ አላስተካከልንም።

እዚያ ግድግዳ ላይ የጋሼ ትእዛዝ ተለጥፏል። «ወደ በሩ አቅጣጫ መንዳት ክልክል ነው።» ትክክለኛ ትእዛዝ ነው፤ ከበሩ ውጭ አውቶቡስ ያልፋል። ስለዚህ ሳንቃውን ከኋላ ካለው ቻርጀር ነቅለን፣ እንደ ሕፃን ታቅፈን በሩ ጋ እናመጣዋለን። ከበሩ ወደ ኋላ ግድግዳው እንነዳዋለን። ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽ አስደግፈናል። ፍራሹን የነካው ሰው ግን የለም፤ ሳንቃው ሁልጊዜ ቀድሞ ይቆማል። «ፍሬን ማለት ይሄ ነው!» ይላል ጢያራ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ውጭስ አልሞከራችሁም ትሉኛላችሁ። ሞክረናል። ለቪዲዮው ዳገቱን ደጋግመን ወጥተናል። ስንወርድስ? በሚኒባስ! ቶሎ ወርደን ደግመን ለመቅረጽ።

እንግዲህ ሳንቃዎቹ ሊላኩ አንድ ቀን ሲቀር አክስቴ መጣች። ያሳደገችኝ አክስቴ። እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እጅሽን አታውጪ፣ ሁሉም ያውቅሻል።

የታሸጉት ሳጥኖች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። በሩ ለጭነቱ ተብሎ ተነቅሏል። እኔ የቤት ቁልፍ ረስቼ ወጥቻለሁ።

«ስልክ አይነሳም? የአንተ ቁልፍ ተሸካሚ ሆኜ ልቅር?» እያለች እስከ ኋላኛው ጠረጴዛዬ ድረስ ገባች። ቦርሳዋን ስታሳርፍ አንድ ሽንኩርት ወደቀ።

ተንከባለለ። በቮልት ወንበር ሥር አለፈ። ቮልት ማለት የኤሌክትሪክ መሐንዲሳችን ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እኛ ረስተነዋል። ሽንኩርቱ በሳጥኖቹ መካከል አለፈ። በጋሼ እግሮች መካከል አለፈ። የሚይዘው ጠፋ። ለምን እንዳልያዝነው እስካሁን አይገባኝም፤ ታላቅ እንግዳ እንደሚያልፍ ሁሉ ቆመን አሳለፍነው። ደፉን ተሻግሮ ቦዩ ውስጥ ጠለቀ።

«ምን ዓይነት ቤት ነው?» አለች አክስቴ። «ፍሬን የለውም እንዴ?»

ሳቅን። ቮልት ግን አልሳቀም። የሽንኩርቱን መንገድ በዓይኑ እየለካ ቆየ።

«በዚያ በኩል ነድተን እናውቃለን?» አለ።

«ክልክል ነዋ» አለ ጢያራ።

«ክልክል መሆኑን አልጠየቅኩህም።»

ጋሼ ትእዛዛቸውን አዩ። ከዚያ ቮልትን አዩ። «አንዴ ብቻ» አሉ። «ቀስ ብለህ።»

ቮልት ከፊት የነበረውን ሳጥን ከፈተ። የመጀመሪያው የሚላከው የመጀመሪያ የከፈለው ነው፤ ሰማያዊው ሳንቃ ወጣ። ባትሪው ሙሉ ነበር፤ ደጋፊው ሳጥኑን ከፍቶ ወዲያው እንዲነዳው ብለን ሞልተን ነበር ያሸግነው። አያችሁ ደግነታችንን?

ጢያራ ሳንቃው ላይ ቆሞ ከኋላ ግድግዳው ተነሳ። እኔ በሩ ላይ ልይዘው ቆምኩ። አክስቴም ማንም ሳይጠይቃት ከጎኔ ቆመች። ወርክሾፑ መሃል ሲደርስ አውራ ጣቱን ሳበ። ሳንቃው ዘገየ። ልክ ነበር። ከዚያ መቆጣጠሪያው ላይ ያለችው መብራት ብልጭ አለችና ሳንቃው ከእጅ እንዳመለጠ ነገር ለቀቀ።

«ቮልት! አይዝም! ቮልት!»

ዘለለ። አክስቴ ላይ ወደቀ። አክስቴ እግዜር ይስጣት ሙሉ ሰው ናት፤ ሁለቱም የማሸጊያ ስፖንጁ ላይ ተቀመጡ። ሳንቃው ግን ሰው እንደሌለበት እንኳ ሳያውቅ በኔ አጠገብ ወጣ፤ የእግረኛውን መንገድ አቋረጠ፤ አውቶቡሱ ሥር ገባ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚሰማውን ያህል።

አውቶቡሱ አለፈ። እኔ መንገዱ ላይ የማየው ሰማያዊ ነገር ነበር። ማሰብ የጀመርኩት ግን ስለ ሳንቃው አልነበረም። ስለ ኮረብታ ነበር። ስለ ጠዋት።

ቮልት ያኔ የነገረንን በቀላል ቋንቋ ልንገራችሁ። ፍሬኑ ሲያዝ ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሳንቃውን የሚያቆመው እሱ ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን ጠግቦ እንደመጣ እንግዳ ነው፤ አንድ ጉርሻ አይቀበልም። እንዳይቃጠል ራሱን ይዘጋል። ሲዘጋ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል። ዳገት ላይ ይህ አይታይም፤ ዳገቱ ራሱ ፍሬን ነው። እኛ ያንን ሁሉ ጊዜ ያመሰገንነው የመኪና ማጠቢያውን ወለል ነበር።

ጋሼ በተነቀለው በር ቦታ ቆሙ። ሳጥኖቹን አዩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሳቸው በዚያች ደቂቃ አፋፉ ላይ ነበሩ። ከሳጥኖቹ ሌላ ምንም አልቀራቸውም። ጭነቱ ነገ ነው። የሚጠብቀው ሕዝብ ትዕግሥቱ አልቋል።

«የሚስተካከል ነው?» አሉ ዞር ሳይሉ።

«አዲስ ሥራ ነው» አለ ቮልት። «ሌላ ፍሬን። ከመጀመሪያው።»

«አብዛኛው ሰው ሜዳ ላይ ነው የሚነዳው...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ጢያራ ክርኑን እያሻሸ ስፖንጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። አዩት።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ዛሬ ለደጋፊዎቹ ምን ልትጽፍ ነበር?»

«ነገ ይላካል ልል ነበር።»

«አይላክም በል።»

«እስከ መቼ ልበል ጋሼ?»

«እስከ መቼ አትበል። አይላክም በል። ለምን እንደሆነም ጻፍ፤ ሽንኩርቱንም ጭምር።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ያን ዕለት ከትከሻዬ ላይ የወረደውን ነገር ስም አላውቅለትም። ሁላችንም የከሠርንበት ቀን ነበር። እኔ ግን ጣቶቼ ሞቁ። ጻፍኩ፣ ላክሁ፣ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ደስታ እንዳይመስልብኝ ፊቴን አጨማደድኩ።

የመጀመሪያዎቹ መልሶች ስድብ ነበሩ። መብታቸው ነው። ገንዘቡ አብዛኛው ቅርጽ ማውጫ ሆኗል፣ ባትሪ ሆኗል፣ የዚህ ቤት ኪራይ ሆኗል። የተረፈው ለሁሉም በየድርሻው ተመለሰ። ጋሼ መኪናቸውን ሸጠው ጨመሩበት፤ አሁን ከኔ ጋር አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሙሉ አልነበረም። ሙሉ ነበር ብዬ የስንብቴን ቀን አላበላሸውም።

ባለሰማያዊው ግን አልጻፉም። መጡ። ከነልጃቸው። መምጣታቸውን ስሰማ ሽንት ቤት ገብቼ ልደበቅ አስቤ ነበር፤ ጢያራ ቀድሞኝ ገብቶበታል።

ቮልት የተጨፈለቀውን ሳንቃ እዚህ ከኋላዬ በምታዩት ቦታ፣ ፍራሹ በነበረበት ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር። ልጅቷ ሰላም እንኳ ሳትለን ቀጥታ ወደሱ ሄደች።

«የኔ ነው?» አለች።

«አዎ» አልኩ።

ስንጥቁን በጣቷ ተከተለችው። «ቀለሙ ያምር ነበር» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ቁልቁለቱን ነበር የምሞክረው። ጠዋት። ቻርጁን ሞልቼ።»

አባትየው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። «ውሃ አላችሁ?» አሉ። ጠጡ። ብርጭቆው ባዶ ከሆነ በኋላም አልለቀቁትም። ሲወጡ በሩ ላይ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከጻፍክልኝ ሁሉ የገባኝ የመጨረሻው ብቻ ነው። ወዲያ ማዶ ሰው እንዳለ ያኔ አወቅኩ» አሉኝ።

ሰዎች ይጠይቁኛል። «አንተ ከውስጥ ታውቀዋለህ፤ ኢንተርኔት ላይ አዲስ ዕቃ ሲወጣ ላዋጣ?» ይሉኛል። አታዋጡ አልልም። አንዳንዱ ሕልም እውነት ይሆናል፤ እንዲሆንም እመኛለሁ። ብትሰጡ ግን ሲቀር የማይቆጫችሁን ያህል ስጡ። ገዛሁ አትበሉ፤ ገና አልገዛችሁም። የሚያሳዩአችሁ ሰዎች ጨዋ መሆናቸው ብቻም አያረጋጋችሁ፤ እኛም ጨዋ ነበርን። ዳገት ሲወጣ ካሳዩአችሁ፣ «እስቲ ሲወርድ አሳዩን» በሉ።

ይህ ቤት ዛሬ የተሽከርካሪ ወንበርና የዕቃ ጋሪ ሞተር ይጠግናል። ባለቤቱ የሚከፍለው ሠርተን ስናሳየው ነው። ፍሬኑ ወደዚህም ወደዚያም፣ በጠገበም በተራበም ባትሪ ይሞከራል። በጋሼ ትእዛዝ ሥርም ቮልት በእስክሪብቶ ጨምሮበታል፦ «በገመድ ካልታሰረ በቀር።»

ታዲያ እኔ ለምን እሄዳለሁ? የሚጠብቅ ሰው የለማ! መልስ የሚጻፍለት አልቀረም። ሥራዬ አለቀ። ሰው ሥራው ስላለቀ ብቻ ሲሰናበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

የምሄደው የባለቤቴ ወንድም የበር ቁልፍ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። አክስቴ «ቁልፍ የሚረሳ ሰው ቁልፍ ሻጭ!» ብላ እስክትታመም ስቃለች። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። ሰው ይገባል። «ይሄ አለ?» ይላል። የባለቤቴ ወንድም መደርደሪያውን አይቶ «አለ» ወይም «የለም» ይላል። በቃ። ቆሜ ሳዳምጥ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከዚያ ከአሮጌ የጎማ ኩሽኔታ የተረፈች ትንሽ የብረት ኳስ ከኪሴ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

«ምን እየሆንክ ነው?» አለኝ።

«ምንም።»

አልተንቀሳቀሰችም። ደንበኛ ገባ፣ ደንበኛ ወጣ። እዚያው ነበረች።

አክስቴ «ሳትመርቅ እንዳትቀመጥ» ብላኛለች፤ ልመርቅ። ጋሼ፣ አውቶቡሱ አያስጠብቅዎት፤ ያን ቀን ያወጡት ቃል ለልጆችዎ ይትረፍ። ቮልት፣ የሚጠይቅ አእምሮህን አያድክምብህ፤ ግን ለእንቅልፍ ትንሽ ይተውልህ። ጢያራ፣ ስትወድቅ የሚይዝህ አትጣ፤ አክስቴ ሁልጊዜ አትገኝም። ለሁላችሁም፣ ዳገታችሁ ጉልበት፣ ቁልቁለታችሁ ፍሬን አይጣ። ቃላችሁ ይያዝላችሁ፤ የማይያዝ ሲሆን ደግሞ «አይሆንም» የምትሉበት አንደበት ይስጣችሁ። የሚጠብቃችሁ ሰው ጠብቆ አይቅር።

አሜን በሉ እንጂ!

አንድ ነገር ቀረኝ። ሽብልቄን ይዤ አልሄድም፤ ከዚያ ባዶ ወንበር ሥር አስገብቼዋለሁ። መምህር፣ ዛሬ ሲገቡ «ልጅዎስ?» ብዬ ስጠይቅዎት «ከዋናው መንገድ በእግሯ እየመጣች ነው፤ በቅርቡ ትደርሳለች» አሉኝ። ይህን ሁሉ ስናገር አንድ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር።

ዞር በሉና እዩ። እዚያ ደፉ ላይ ትንፋሿን እየሰበሰበች ቆማለች።

ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ። ወንበርሽ አይነቃነቅም።